ስህተት ማይደበቅበት የሶፍትዌር ቲም፦ ድሬ ላይ በትንሽ ሰው ለምትሰሩ መመሪያ

ይሄን ምጽፈው እንደኛ 4 5 ሰው ሆናችሁ ለነጋዴ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ሲስተም ለምትሰሩ ልጆች ነው። እኛ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሚባለው ሰፈር፣ 5 ሰው ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ መጋላና ቀፊራ ላሉ ጅምላ አከፋፋዮች የስቶክና የሽያጭ ሲስተም እንሰራለን። ኮድ እንዴት እንደሚጻፍ ሚያስተምር ነገር በየቦታው ሞልቷል፣ ቲሙ እርስ በርሱ እንዴት ቢሰራ ነው ሲስተሙ ማይወድቀው ሚለውን ግን እኛ ደርሶብን ነው የተማርነው፣ እናንተ ላይ ሳይደርስ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ግንቦት ላይ ነው፣ መቼም የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ። አንድ ደንበኛችን ጋ መብራቱ ሄደ መጣ ሄደ መጣ ሲል የሰርቨሩ ሀርድ ዲስክ ተቃጠለ። እኛ ብዙም አልደነገጥንም፣ ሌሊት ሌሊት ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ኮፒ) ይወሰዳል ብለን። የትናንቱን ባክአፕ ስንከፍተው 0 ባይት። ከትናንት ወዲያውን አየነው፣ 0 ባይት። እንደዛ እያልን ወደኋላ ስንሄድ 23 ቀን ሙሉ ባዶ ፋይል ነው ተጠራቅሞ ያገኘነው፣ ለካ ባክአፑ ሚቀመጥበት ዲስክ ሞልቶ ነበረ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን ይፈጥርና መጻፊያ ቦታ ሲያጣ ዝም ብሎ ይወጣል። የሱቁን ባለቤት ሐጂን ሄደን ስንነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ወረቀቱ አለ አይደል ልጄ፣ ቁጭ በሉና ጻፉት» አሉን። 9 ቀን መጋዘን ውስጥ ስኳርና ሩዝ ጆንያ መሀል ቁጭ ብለን የካርቦን ደረሰኝ እያነበብን አስገባን፣ አንዱ ያነባል አንዱ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ኮፒ ላይ ያለው ጽሁፍ ስለሚደበዝዝ 3 ነው 8 ነው እየተባባልን።

ከዛ ሁሉ ግን እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ የቲሙ ታናሽ የሆነው ልጅ ብቻዬን ጠብቆ «ዲስኩ ሞልቷል ሚለውን እኮ ሎግ (የሲስተሙ መዝገብ) ላይ አይቼው ነበር፣ ሁለት ሳምንት ይሆናል» አለኝ። ታድያ ለምን አልነገርከንም ስለው መሬት መሬት እያየ «በዛ ሰሞን እሷ ላይ ስትጮህባት አይቼ፣ እኔ ነክቼው የሞላ ይመስላችኋል ብዬ» አለ። እውነቱን ነው፣ አንዷን ልጅ በትንሽ ነገር ሰው ፊት ጮሄባት ነበረ። ስለዚህ መመሪያውን ምጀምረው ያ ልጅ ዝም ካለበት ቦታ ነው።

ደረጃ 1፦ «እኔ ነኝ» ያለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ቀድማችሁ ወስኑ

ሁላችሁም ቁጭ በሉና አንድ ሰው «ይሄን እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ወይም «እዚህ ጋ የሆነ ነገር አላማረኝም» ሲል የመጀመሪያው መልስ ምን እንደሚሆን ተስማሙ። እኛ ጋ መልሱ «ጥሩ አረግክ ነገርከን፣ አሁን ምን እየታየ ነው?» ነው፣ ቃል በቃል። ቃሉ ሳይቀር ለምን ይወሰናል ካላችሁ ሰው ሲደነግጥ አስቦ አይናገርም፣ የለመደው ነው ከአፉ ሚወጣው። የት እንደሚነገርም ይታወቅ፣ እኛ ቴሌግራም ላይ ለዚህ ብቻ የተከፈተ ግሩፕ አለን፣ እዛ የተጻፈ ነገር በ10 ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው «አይቼዋለሁ» ይለዋል፣ ቀልድም ቪዲዮም እዛ አይገባም።

ከዛ ቲም ሊደሩ የራሱን ስህተት ቀድሞ ይናገር። እኔ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ባለበት «ባክአፑ ይሰራል ብዬ ለደንበኛው የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ 23 ቀን ገብቼ ያላየሁትም እኔ ነኝ፣ እሷ ላይ መጮሄም ጥፋት ነው» ብዬ ተናገርኩ። ለመናገር ከበደኝ፣ ግን በዛው ሳምንት ማላውቃቸውን 3 ነገሮች ሰማሁ፣ አንዱ የዳታቤዙ ፓስወርድ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ እንደተቀመጠ ነበር፣ ከ8 ወር በፊት የገባ፣ ሁለት ሰው ያውቀው ነበር።

ድሬ ሰው ግልጽ ነው ይባላል፣ ታላቅ ታናሽ ሳይባል አንተ አንቺ ተባብለን ነው ምናወራው፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ስራ ላይ ሲሆን ይሉኝታ ሚባለው ነገር እኛም ጋ አለ። ታናሽ ታላቁን ማረም ይከብደዋል፣ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ማያውቅ እንዳይመስል ይፈራል፣ የሰው ስም ሚነሳ ከሆነ ደሞ «ምን አገባኝ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በግልጽ ባህሪያችን አትተማመኑ፣ ህግ አርጋችሁ አስቀምጡት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሚባለው ለሰርቨርም ይሰራል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፣ ይሄን ስትጀምሩ ሚነገር ስህተት ይበዛል። ኤሚ ኤድመንድሰን ምትባል የሀርቫርድ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ያለ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ስታጠና፣ ጥሩ ተግባብተው ሚሰሩት ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች፣ የጠበቀችው ተቃራኒውን ነበር። ኋላ ላይ ነገሩ ሲመረመር እነዛ ክፍሎች የሆነውን ማይደብቁ ሆነው ነው ቁጥራቸው ከፍ ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ላይ ያ ግሩፕ በመልእክት ቢሞላ ቲሙ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

ችግር ከተፈታ በኋላ በ2 ቀን ውስጥ አንድ ገጽ ጻፉ። ስንት ሰዓት ላይ ምን ታየ፣ ምን ተደረገ፣ ያደረገው ሰው በዛች ሰዓት ለምን ትክክል መሰለው። ሚጠቅመው ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፣ «ለምን አላየህም» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ይቅርታ ብቻ ነው ምታገኙት፣ «ስክሪኑ ላይ ምን ይታይህ ነበር» ካላችሁ ግን ሁለት ሰርቨር ተመሳሳይ ስም እንዳላቸው ወይ ማስጠንቀቂያው ማንም ማያየው ቦታ እንደሚወጣ ትደርሱበታላችሁ። የሰው ስም አይጻፍ። ጊትላብ ሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ኩባንያ ጋ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 2017 ላይ አንድ ኢንጂነራቸው ሌሊት ላይ ዋናውን ዳታቤዝ ሁለተኛው መስሎት ሲያጠፋው ኩባንያው ያረገውን አይታችሁ ከሆነ፣ ማገገሙን በዩቱዩብ ላይቭ ነው ያሳዩት፣ ሪፖርታቸው ላይም ልጁን «የቲም አባል 1» ነው ያሉት። 5 ዓይነት ባክአፕና ማባዣ ነበራቸው፣ በደንብ ሚሰራ አንድም አልነበረም፣ ያዳናቸው አንዱ ሰራተኛ ከ6 ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የወሰደው ኮፒ ነው። በጣም የገረመኝ ደሞ ባክአፑ ከሽፏል ሚለው ኢሜይል ይላክ ነበር ግን የኢሜይል ሴቲንግ ችግር ስለነበረ ለማንም አይደርስም ነበር። የኛው ዓይነት ነገር ነው፣ በትልቁ።

ገጹ መጨረሻ ላይ ከ2 ስራ በላይ አትጻፉ፣ 10 ነገር የተጻፈ እንደሆነ አንዱም አይሰራም። 2 ስራ፣ የሚሰራው ሰው፣ ቀኑ፣ በቃ።

ደረጃ 2፦ ኮዱ አንድ ቦታ ይሁን፣ በየቀኑ ይገናኝ

ይሄ አጭር ነው። በፍላሽ ሚዞር ኮድ፣ «የመጨረሻ_2_እውነተኛ» ሚል ፎልደር፣ ሰርቨር ላይ ገብቶ በቀጥታ ማስተካከል፣ ዛሬውኑ አቁሙ። ጊት (የኮዱን ለውጥ ታሪክ ሚይዝ ፕሮግራም) ተጠቀሙ፣ ዋናው ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ሁልጊዜ ሚሰራ ይሁን፣ የራሳችሁን ብራንች ከ2 ቀን በላይ ሳታዋህዱ አታቆዩ። ሁለት ሳምንት ለብቻው የቆየ ብራንች ሲዋሃድ ሚያመጣውን ጣጣ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ግማሽ ቀን ኮንፍሊክት (እርስ በርሱ የተጋጨ ኮድ) ሲፈቱ ይዋላል፣ መሀል ላይ የሰው ስራ ይጠፋል። እኛ ጋ ደሞ መብራት ይጠፋል፣ ስለዚህ ለምሳ ከመነሳታችሁ በፊት ያላለቀም ቢሆን ፑሽ አርጉት (ወደ ጋራው ቦታ ላኩት)፣ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ያለ ስራ እንደሌለ ቁጠሩት።

ፓስወርድና ቁልፍ ኮድ ውስጥ አይግባ። ገብቶ ከተገኘ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ የድሮው ታሪክ ላይ ስለሚቀር ፓስወርዱ ራሱ መቀየር አለበት።

ደረጃ 3፦ ሁሉም ኮድ በሌላ ሰው ዓይን ይለፍ፣ ግን አነጋገሩን ተማሩ

ኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ሌላው ማየቱ) ጥቅሙ ባግ (የኮድ ስህተት) መያዙ ብቻ አይደለም፣ አንድ ሰው ብቻ ሚያውቀው ኮድ እንዳይኖር ያረጋል። ድሬ ላይ ይሄ በጣም ያስፈልጋል ምክንያቱም ጎበዝ ልጅ አንድ ዓመት ከሰራ በኋላ ወይ አዲስ አበባ ወይ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ መስራት ይጀምራል፣ መብቱ ነው፣ መልካሙን ይግጠመው፣ ግን የክፍያውን ኮድ እሱ ብቻ ሚያውቀው ከነበረ ቲሙ ተቸገረ ማለት ነው።

እኛ ምንሰራው እንደዚህ ነው። አንድ ፑል ሪኩዌስት (ታይቶ ይዋሃድ ተብሎ ሚቀርብ ለውጥ) ከ200 መስመር እንዳይበልጥ እንሞክራለን፣ ትልቅ ከሆነ ማንም አያነበውም፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ጠዋት የገባ ከምሳ በፊት ይታያል፣ ከሰዓት የገባ ነገ ጠዋት። ታናሽ የታላቁን ኮድ ማየት ግዴታው ነው፣ የኔን ኮድ ሁልጊዜ ሚያየው ያ ታናሹ ልጅ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን ምንም አይልም ነበረ፣ እኔም «3 ጥያቄ ሳትጠይቀኝ አላዋህደውም» አልኩት፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ የጠየቀው ጥያቄ ቅናሽ ሁለት ጊዜ ሚቀነስበትን ስህተት አወጣ።

አጻጻፉ ላይ ደሞ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ኮዱ ጻፉ፣ ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ። «ይሄን ለምን እንደዚህ አረግከው» ሚለው ጥያቄ ይመስላል ግን በጽሁፍ ሲነበብ ቁጣ ነው፣ «እዚህ ጋ ብዛቱ 0 ቢሆን ምን ይሆናል?» ሚለው ግን ሁለታችሁንም ወደ ኮዱ ያመጣችኋል። ጥሩ የተሰራም ካያችሁ ጻፉት፣ ከ2 ዙር በላይ በጽሁፍ ከተከራከራችሁ ግን ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ በ5 ደቂቃ ያልቃል።

ደረጃ 4፦ ቴስት ከሚያመው ቦታ ጀምሩ

ሁሉንም ኮድ በቴስት (ኮዱ በትክክል መስራቱን ሚያጣራ ሌላ ኮድ) እንሸፍናለን ብላችሁ ከተነሳችሁ በሳምንቱ ትተዉታላችሁ። ገንዘብ፣ ቀን፣ ስም፣ ኔትወርክ፣ ከነዚህ 4ቱ ጀምሩ፣ እኛ ሀገር ሚያለቅሱት ደንበኞች በነዚህ ነው ሚያለቅሱት።

ቀኑን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ጳጉሜ 1 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ፣ ደረሰኝ አልወጣ አለ፣ ሰው ተሰልፏል። አንዳችን ፎርሙ ላይ ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ይሁን ብለን ጽፈናል፣ ለካ 13 ወር ባለበት ሀገር የተወለድን ሰዎች ነን ያንን የጻፍነው፣ የተማርንበት ኮርስ በሙሉ 12 ወር ስለሆነ እጃችን ለምዶ። ከዛ በኋላ የቀን ቴስታችን ውስጥ እነዚህ ሁልጊዜ አሉ፦ ጳጉሜ 5 2014፣ ጳጉሜ 6 2015፣ መስከረም 1 2016። ጳጉሜ 6 ምትሆነው የኛ ዓመት ለ4 ሲካፈል 3 ሚተርፍ ከሆነ ነው፣ 2015 ነበረች፣ ቀጥሎ 2019 ናት። ከሷ ቀጥሎ ሚመጣው መስከረም 1 ደሞ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል፣ መስከረም 1 2016 ሴፕቴምበር 12 2023 ነበረ፣ ሁልጊዜ 11 ነው ብሎ የጻፈ ኮድ እዛ ጋ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጅ ቀን አስቀምጡ፣ ወደ ኢትዮጵያ ምትቀይሩት ስክሪን ላይ ስታሳዩ ብቻ ይሁን፣ መቀየሪያውም አንድ ቦታ ላይ አንድ ፋንክሽን ይሁን። ለክሊኒክ ምትሰሩ ከሆነ ደሞ ሌሊት 7 ሰዓት የመጣ ታካሚ በየትኛው ቀን ይመዘገባል ሚለውን ነርሷን ጠይቋት፣ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ሌሊቱ ገና የትናንቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ቀኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀይሮታል። ይሄን እናንተ አትገምቱ፣ መዝገቡን ስትጽፍ የኖረችው እሷ ናት።

ስም ላይ፣ ሀይሉ ኃይሉ ሐይሉ፣ ጸሐይ ፀሃይ፣ አንድ ሰው ነው። ፍለጋው ከመሰራቱ በፊት ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን ወደ አንድ ሚያመጣ ነገር ይኑር። ድሬ ላይ ደሞ በዚህ አያበቃም፣ መሐመድ ሙሐመድ ማህመድ አለ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ስም በላቲን ተጽፎ መታወቂያ ላይ አለ፣ በአማርኛ ደሞ ሌላ ሰው ሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። ስለዚህ ደንበኛን በስም ብቻ አትለዩ፣ በስልክ ጨምሩበት።

ስልክ ካልኩ ሳፋሪኮም ነሐሴ 23 2014 የሙከራ አገልግሎቱን በመጀመሪያ የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፣ በ07 ሚጀምር ቁጥር ቀድሞ እጃችን ላይ የገባው እኛ ነን ማለት ነው። በዛ ሰሞን ፎርማችን 09 ብቻ ነበር ሚቀበለው፣ ሰራተኞቹ ምን አረጉ መሰላችሁ፣ 07ን 09 እያረጉ አስገቡት፣ ስክሪኑ እንቢ ካለ ሰው ውሸትም ቢሆን አስገብቶ ስራውን ይጨርሳል። ያንን ቁጥር ደውለን ደውለን ለማስተካከል ከወር በላይ ፈጀብን። ቴስት ስትጽፉ «ትክክለኛ ሆኖ እንቢ ሊባል ሚችል ምን አለ» ብላችሁ ጠይቁ።

ኔትወርክ ላይ አንድ ቴስት ብቻ ብትጽፉ ይሄን ጻፉ፦ ሽያጩ ተልኮ መልስ ሳይመጣ መስመሩ ተቆረጠ፣ ሰራተኛው ደግሞ ላከው። ሁለት ሽያጭ ይመዘገባል ወይስ አንድ? መፍትሄው እያንዳንዱ ሽያጭ ገና ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ሲፈጠር የራሱን መለያ ቁጥር እንዲይዝ ማረግ ነው፣ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር አስቀድሞ ካየው ድጋሚ አይመዘግብም፣ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ክፍያ ካለበት ይሄ ሳይሰራ ወደ ደንበኛ እንዳትወስዱት።

ቴስቶቹ ደሞ ሰው እስኪያስታውሳቸው አይጠብቁ፣ ኮድ በተላከ ቁጥር ራሳቸው ይሩጡ፣ ከቀላ (ቴስቱ ከወደቀ) አይዋሃድ። አንዳንዴ ሚያልፍ አንዳንዴ ሚወድቅ ቴስት ካለ በዛው ሳምንት አስተካክሉት ወይ አውጡት፣ ሰው አንዴ «ተወው እሱ ሁሌም ይቀላል» ማለት ከለመደ እውነተኛውንም አያየውም።

ደረጃ 5፦ ባክአፕ ማለት መልሳችሁ ያያችሁት ነው

3 ኮፒ፣ በ2 የተለያየ ዕቃ ላይ፣ 1ዱ ሌላ ቦታ። ይሄ የታወቀ ህግ ነው። ሌላ ቦታ ሚለውን ግን ድሬ ላይ በቁም ነገር ያዙት፣ በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ነው ያለነው፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ገበያተኛ ሚሻገርበት ወንዝ ነው ያን ያረገው። ከወንዙ ዳር ያለ ሱቅ ውስጥ ሰርቨሩም ባክአፑም አንድ ጠረጴዛ ስር ከተቀመጠ አንድ ኮፒ ነው ያላችሁ። እኛ አንዱን ደንበኛው ጋ፣ አንዱን ከዚራ ቢሯችን፣ አንዱን ክላውድ ላይ እናስቀምጣለን፣ ከደንበኛው ቤት ሚወጣው ሁሉ ተቆልፎ ነው ሚወጣው፣ የነጋዴ ሂሳብ የሰው ገመና ነው።

አሁን ዋናው። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት አንድ ባክአፕ ይወጣና ባዶ ኮምፒውተር ላይ ይመለሳል። ሚመልሰው ሰው ባክአፑን ያዘጋጀው ሰው አይሁን፣ አመላለሱ የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ እያነበበ ይስራ፣ ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር ወዲያው ይታወቃል። ሲጨርስ ሲስተሙን ከፍቶ የትናንቱን የመጨረሻ 3 ደረሰኝ ይፈልግ፣ ጠቅላላ ሽያጩ ደንበኛው ጋ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ ይበል፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ይጻፍ። የመጀመሪያ ጊዜ እኛን 4 ሰዓት ከ20 ፈጀብን፣ ዳታቤዝ ቨርዥኑ አይገጥምም፣ ፓስወርዱ የት እንዳለ አይታወቅም፣ አሁን 35 ደቂቃ ነው። ውጤቱ ሚመዘገብበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ቀን፣ የመለሰው ሰው፣ ደቂቃ።

ባክአፕ ሲከሽፍ ሚመጣ መልእክትን አትመኑ፣ ሲሳካ ነው መልእክት ሚመጣው ይሁን፣ ከነ ፋይሉ መጠን። ጠዋት ያ መልእክት ካልመጣ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ባዶ ፋይል ቢሆን እንኳን መጠኑ ላይ 0 ሲል ማንም ያየዋል።

ደረጃ 6፦ ሪሊዝ (አዲስ ኮድ ደንበኛ ጋ መጫን) ትንሽ፣ በቀን፣ መመለሻው የታወቀ

የወር ስራ ጠራቅማችሁ ሐሙስ ማታ አትጫኑት። እኛ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው ምንጭነው፣ ችግር ካለ ከሰዓት ሙሉውን አለን፣ ነገም ስራ ነው። አርብ የለም፣ አርብ ደንበኞቻችን ጁምዓ ይሄዳሉ፣ ቅዳሜ ደሞ ገበያው ሚጦፍበት ቀን ነው። የበዓል ዋዜማ፣ ረመዳን መጨረሻ፣ ገና ፋሲካ ሰሞን፣ የዓመት ሂሳብ ሚዘጋበት ሰኔ መጨረሻ ምንም አንጭንም፣ አስቀድመን ካሌንደር ላይ ምልክት አርገንበታል።

ከመጫኑ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፣ «ቢበላሽ በስንት ደቂቃ ወደ ትናንቱ እንመለሳለን?» መልስ ከሌለ አይጫንም። የሚጫንበት ዝርዝር ደሞ ተጽፎ ሁለት ሰው አብሮ ይየው፣ አንዱ ያነባል አንዱ ይሰራል። ናይት ካፒታል ሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ኩባንያ በፈረንጆቹ ኦገስት 1 2012 የደረሰበት ይሄ ነው፣ 8 ሰርቨር ነበራቸው አዲሱ ኮድ 7ቱ ላይ ተጫነ 8ኛው ተረሳ፣ እዛ ላይ የቀረ ዓመታት ያልሰራ አሮጌ ኮድ ነበር፣ አዲሱ ስራ ደሞ የዛኑ አሮጌ ኮድ ማብሪያ ነው መልሶ የተጠቀመው፣ ገበያው ሲከፈት አሮጌው ተነሳ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። እኛ 8 ሱቅ ላይ ነው ምንጭነው፣ ልክ እንደነሱ 8ኛው ሊረሳ ይችላል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሱቅ ስክሪን ጥግ ላይ የቨርዥን ቁጥሩ ይታያል፣ በስልክ «ከታች ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ» ማለት ይበቃል። ማትጠቀሙበትን ኮድም አጥፉት፣ ጊት ላይ ታሪኩ አለ።

መጀመሪያ አንድ ሱቅ ላይ ጫኑ፣ በተለይ ሲበላሽ ወዲያው ሚደውል ደንበኛ ጋ፣ አንድ ቀን አሳድሩት፣ ከዛ ለሌላው።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱንና ሰውን ጠብቁ

ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ወደ ማረፊያው ወደ በርጫው ይሄዳል፣ እስከ 9 እስከ 10 ሰዓት። ይሄን እንደ ችግር ቆጥራችሁ ከአዲስ አበባ ቢሮ ሰዓት ጋር አትታገሉ። እኛ 1 ሰዓት ተኩል ነው ምንገባው፣ ጭንቅላት ሚፈልገውን ስራ እስከ 6 ሰዓት እንሰራለን፣ ሚቲንግ በዛ ሰዓት ክልክል ነው ከ10 ደቂቃ የጠዋት መነጋገሪያ በስተቀር። ከሰዓት ደንበኛ ማስተማር፣ ጽሁፍ፣ ትንንሽ ጥገና። ጾም ላይ ያለ ሰው አለ፣ ረመዳን ላይ በሙቀቱ ውሃ ሳይጠጣ ሚውል፣ ሁዳዴ ላይ እስከ 9 ሰዓት ሚቆይ፣ በዛ ወር ስራውን ቀድማችሁ ቀንሱ፣ ሰው ራሱ መጥቶ ቀንሱልኝ አይልም።

ከስራ ሰዓት ውጪ ስልክ ሚያነሳ ሰው በሳምንት አንድ ይሁን፣ ይዙር፣ ሌሊት የተነሳ ሰው ጠዋት አይገባም። ሌሊቱን ሰርቶ ማደር እንደ ጀግንነት አታውሩት፣ ጊትላብ ላይ ያን ነገር ያጠፋው ሰው የስራ ሰዓቱ አልፎ ሌሊት ላይ ነበር።

ስራ ሲዘገይ ደሞ «2 ልጅ እንጨምር» ሚለው ይመጣል። ፍሬድ ብሩክስ ሚባል አይቢኤም ውስጥ ትልቅ የሶፍትዌር ስራ የመራ ሰው በፈረንጆቹ 1975 የጻፈው ነው፣ በዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው ከጨመርክ የበለጠ ይዘገያል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 5 ሰው ሲሆን እርስ በርስ መነጋገር ያለበት 10 ጥንድ ነው፣ 10 ሰው ሲሆን 45 ጥንድ፣ በዛ ላይ አዲሶቹን ሚያስተምረው ስራውን ሚያውቀው ያው የተጣበበው ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ሳይሆን ስራ ቀንሱ፣ ደንበኛው ጋ ሄዳችሁ «ከነዚህ 6 ነገሮች የትኞቹ 2 ናቸው ያለነሱ ሱቁ ማይከፈተው» በሉት። ሁልጊዜ ያውቀዋል። እኛ ዴድላይን ሚያመልጠን ሲመስለን ሳምንት ሳይቀረው ሳይሆን በታወቀበት ቀን ነው ምንነግራቸው፣ ነጋዴ ዕቃ ጅቡቲ ላይ ሲዘገይ ያውቃል፣ ማይወደው በመጨረሻው ቀን መስማቱን ነው።

ደረጃ 8፦ ቅዳሜ ጠዋት 45 ደቂቃ

ፈቲራና ሻይ በወተት ይመጣል፣ ላፕቶፕ ይዘጋል። ጥያቄው 3 ነው፦ በዚህ ሳምንት ምን ጥሩ ሄደ፣ ምን አደናቀፈን፣ ያየነውና ያልተናገርነው ምን አለ። ሁሉም ሰው በተራ ይናገራል፣ ከታናሹ ይጀመራል፣ ታላቅ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው የሱን ነው ሚደግመው። አንዱ ይጽፋል፣ ከሚነሱት ውስጥ ለቀጣዩ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይመረጣል፣ ሚቀጥለው ቅዳሜ ሲጀመር መጀመሪያ ሚጠየቀው ያ ነገር ተሰራ ወይ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ በተለይ መጀመሪያ ሰሞን። እዛ ጋ ብቻ ተራው ይቀየርና ቲም ሊደሩ ይጀምራል፣ በዛ ሳምንት አይቶ ያለፈውን አንድ ነገር ይናገራል፣ ትንሽም ብትሆን፣ ከዛ ሻይውን ይዞ ምንም ሳይናገር በልቡ እስከ 20 ይቆጥራል። እኛ ጋ የመጀመሪያው ሰው የተናገረው 17 ላይ ስደርስ ነው።